የአሮጌ መኪና መስታወት ጭረት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቮልሴን ፒያሳ ባቆምኩ ቁጥር አንድ ሰው ይመጣል። መጀመሪያ «ትሸጣታለህ?» ይላል። አልሸጥም ስለው ዞር ዞር ብሎ ያያትና የፊት መስታወቷ ጋ ይቆማል። «የኔዋ እኮ መስታወቷ ተጫጭሮ አልቋል። አንተ በምን አጸዳሃት?» ይህን የጻፍኩት ለዚያ ሰውዬ ነው። ቮልስ ባይኖራችሁም ይጠቅማችኋል። ፊያት 600 ይሁን፣ ፔጆ 404 ይሁን፣ አሮጌ ላንድሮቨር ይሁን፣ መስታወቱ ያው መስታወት ነው።

የኔ ጭረት ይጠፋል? በምን ልወቅ?

በጥፍራችሁ። መጀመሪያ ግን መስታወቱን እጠቡት። ብዙ ሰው ጭረት ነው ብሎ የሚያሳየኝ የደረቀ ጭቃ፣ የዛፍ ሙጫ ወይም የድሮ ስቲከር ማጣበቂያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ። ከዚያ ጥፍራችሁን ጭረቱን አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ሳቡት።

ጥፍሩ ምንም ሳይሰማው ካለፈ ደስ ይበላችሁ፣ በትዕግሥት ይጠፋል። በጭንቅ ጠቅ ካደረገው ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ጥፍሩን ይዞ ካስቆመው ግን ተዉት። እሱን ለማጥፋት በዙሪያው ያለውን መስታወት ሁሉ እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ጭረት ማጥፋት ማለት እኮ ጉድጓዱን መሙላት አይደለም፣ ሜዳውን ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ነው። ሜዳው ሲወርድ ደግሞ መስታወቱ ማዛባት ይጀምራል። እዚህ ላይ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም እኔም ተቃጥዬበታለሁ።

ሌላ ፈተና፦ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ ወደ መስቀል አደባባይ ንዱ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣባችኋለች። ቀን ሙሉ የማይታየው ጭረት ያን ሰዓት እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። ማታ ከፊት የሚመጣ ሰው ረጅም መብራት ሲለቅባችሁም እንደዚያው ነው። የት እንዳለ ያን ጊዜ ልብ በሉና ከውስጥ በኩል በማርከር ክበቡት። አለዚያ በኋላ ፖሊሽ ስታደርጉ ቦታው ይጠፋችኋል።

ኮልጌት ያጠፋዋል ይባላል። እውነት ነው?

አያጠፋም። ኮልጌቱ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ውስጡ ያለው መፈተጊያ ጥርስ እንዳይጎዳ ተብሎ የለሰለሰ ነው። መስታወት ደግሞ ከጥርስ ይጠነክራል። ጭረቱ የጠፋ የሚመስለው ነጩ ነገር ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ነው። አንድ ዝናብ ሲመታው ተመልሶ ይመጣል።

የቀለም ማሳመሪያ ኮምፓውንድም ያው ነው። ለመኪና ቀለም የተሠራ ነው፣ መስታወቱን አይደፍረውም። ቀለም አልባው የጥፍር ቀለምም ጭረቱን ይሞላል እንጂ አያጠፋም። አመድን ግን በተለይ ልንገራችሁ። ድስት ያጸዳልና መስታወትም ያጸዳል ብለው በእርጥብ ጋዜጣ የሚፈትጉ ሰዎች አይቻለሁ። አመድ ውስጥ አሸዋ አይጠፋም። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ነው፣ የመኪና መስታወት 5.5 አካባቢ። ስለዚህ አንዱን ጭረት ልታጠፉ ሃምሳ ትጨምራላችሁ።

ታዲያ ምንድን ነው የሚሠራው?

ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት። የካሜራና የቴሌስኮፕ ሌንስ የሚያሳምሩት በእሱ ነው። መልኩ ነጣ ያለ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው፣ በእጅ ሲነካ እንደ ጥሩ የጤፍ ዱቄት ይልማል። የሚገርመው መፈተጉ ብቻ አይደለም። ከውሃ ጋር ሲሆን ከመስታወቱ ገጽ ጋር በኬሚካል ይያያዝና የላይኛዋን ስስ ሽፋን ይዞ ይነሳል። ለዚህ ነው ከሱ የጠነከረ አሸዋ ሲሞነጭር እሱ የሚያሳምረው። ከሱ በፊት ሰዎች ይጠቀሙ የነበረው ቀይ የብረት ኦክሳይድ ነው። እሱም ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ እጅና ልብስም ያቀላል።

ስትገዙ ለመስታወት የተዘጋጀ መሆኑን ጠይቁ። አብሮት የፌልት ዲስክ ያስፈልጋል። ፌልት ማለት እንደ በርኖስ የተጠቀጠቀ ሱፍ ነው። ለቀለም የሚሆነው ስፖንጅ እዚህ አይሠራም።

እሺ፣ እቤቴ እንዴት ልሥራው?

ግማሽ ቀን ያዙ። ሥራው የሚበላሸው በችኮላ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ አቁሙ። ፀሐይ ላይ የዋለ መስታወት ላይ አትጀምሩ፣ ዱቄቱ ገና ሳትነኩት ይደርቅባችኋል። እኔ ጠዋት ነው የምሠራው፣ ግቢው ገና ቀዝቀዝ እንዳለ።

በመጀመሪያ መስታወቱን ሁለት ጊዜ እጠቡ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ከዲስኩ ሥር ከገባች የባሰ ሥራ ትሰጣችኋለች። ከዚያ ኮፈኑን፣ ቀለሙንና በዙሪያው ያለውን ጎሚኒ በላስቲክና በቀለም ቀቢ ቴፕ ሸፍኑ። ዱቄቱ ጎሚኒ ላይ ከደረቀ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በጥርስ ብሩሽ ስትለቅሙት ትውላላችሁ። ሴሪየሙ ደርቆ ሲቦን መተንፈስም ጥሩ አይደለም፣ ማስክ አድርጉ።

ዱቄቱን በውሃ በጥብጡት። ውፍረቱ እንደ አጥሚት ይሁን፣ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ። ፌልቱን አስቀድማችሁ በውሃ አርሱ። ፍጥነቱ የሚስተካከል ድሪል ወይም ፖሊሸር ካላችሁ በደቂቃ 1,000 ዙር አካባቢ ላይ ያዙት፤ 1,500ን አትለፉ።

አሁን ዋናው ነገር። ዲስኩን ጭረቱ ላይ ብቻ አትትከሉ። ከጭረቱ ሰፋ አድርጋችሁ፣ ቢያንስ በሁሉም አቅጣጫ አንድ መዳፍ ያህል፣ እያንቀሳቀሳችሁ ሂዱ። ጭረቱ ላይ ብቻ ከቆማችሁ ጉድጓድ ትሠራላችሁ። የዲስኩ ገጽ ሙሉ ለሙሉ መስታወቱ ላይ ይረፍ፣ በጠርዙ አትጫኑ። በሌላኛው እጃችሁ የውሃ መርጫ ያዙና ዱቄቱ መድረቅ ሲጀምር እፍ እፍ አድርጉበት።

በየደቂቃው አቁሙና በእጃችሁ ጀርባ መስታወቱን ንኩት። ሞቅ ያለ ነገር ችግር የለውም። እጃችሁን ማሳረፍ ካቃታችሁ ግን አብዝታችኋል። ማሽኑን አስቀምጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ተመለሱ። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። መስታወት አንድ ቦታው ግሎ ሌላው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው የሚሰነጠቀው።

አስር ደቂቃ ያህል ከሠራችሁ በኋላ እጠቡት፣ አድርቁት፣ እዩት። እርጥብ ሆኖ አትፍረዱ። ውሃ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ብርሃኑን ስለሚያስተካክለው ሁሉም ጭረት ውሃ ላይ ይደበቃል። ለቀላል ጭረት እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድባችሁ ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነና ለውጥ ከሌለ ጭረቱ ጥልቅ ነው፣ ክንዳችሁን አታድክሙት።

ጋራዥ ወስጄ በግራይንደር አምስት ደቂቃ ቢጨርሱልኝስ?

እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ነበር። ልጁ ደግ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። «አታስብ፣ አሁን ነው የማጠፋልህ» አለኝ። ላሜራ የሚፈጭበትን ግራይንደር አመጣ፣ ጫፉ ላይ የፖሊሽ ዲስክ አሰረ። ያ ማሽን በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ይሽከረከራል። ጢሱ ሲነሳ እኔ እንኳ ፈራሁ። ጭረቱ እውነትም ጠፋ። ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ ቸርችል ጎዳና ላይ ስወርድ የመብራት ምሰሶዎቹ ወገባቸው ላይ ይሰበራሉ። አንገቴን ትንሽ ሳነቃንቅ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ያብጣል፣ ይቀጥናል። መስታወቱ እዚያች ቦታ ላይ ሌንስ ሆኖ ነበር። ጭረቱን ለምዶ መንዳት ይቻላል። ይሄን ግን ዓይን አይለምደውም፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሴን ያመኝ ነበር። በመጨረሻ መስታወቱን ቀየርኩት። ኦሪጅናል ነበር፣ አሁንም ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከሾፌሩ ዓይን ፊት ለፊት ያለ ቦታ ላይ ቀላል ጭረት ካልሆነ በቀር አትንኩ። በተሳፋሪው በኩል፣ ጥግ ላይ ወይም የጎን መስታወት ላይ ግን ትንሽ ብትደፍሩም ብዙ አይጎዳም።

የፊት መስታወቴ ምን ዓይነት ነው? ለውጥስ አለው?

አለው። ሁለት ዓይነት ነው። ላሚኔትድ የሚባለው ሁለት መስታወት መሐሉ ላይ ፕላስቲክ ተደርጎ የተጣበቀ ነው። ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። ታሪኩ ደስ ይላል፦ ኤድዋር ቤኔዲክተስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1903 ከመደርደሪያ የወደቀ የላብራቶሪ ጠርሙስ ተሰንጥቆ ሳይበታተን ያያል። ውስጡ የደረቀ የሴሉሎስ ፈሳሽ ነበረበት። ከዚያ ተነስቶ በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ የመኪናችን የፊት መስታወት የዚያ ጠርሙስ ልጅ ነው።

ቴምፐርድ የሚባለው ደግሞ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ በፍጥነት በአየር የቀዘቀዘ ነው። ላዩ የታመቀ፣ መሐሉ የተወጠረ ነው። ሲሰበር እንደ በረዶ ጠጠር ሙሉውን ይረግፋል። የጎንና የኋላ መስታወቶች ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ናቸው። የድሮ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የፊቱም ሳይቀር ቴምፐርድ ሆኖ ይገኛል።

ጥጉ ላይ ያለውን ማኅተም አንብቡ። ቮልስና ሌሎች የድሮ የጀርመን መኪኖች ላይ «ሴኩሪት» ካለ ቴምፐርድ ነው፣ «ሲግላ» ካለ ላሚኔትድ ነው። ማኅተሙ ከጠፋ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ እዩት። ቴምፐርድ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ወይም መስመር በረድፍ ይታያል።

በሴሪየም ቀስ ብሎ ፖሊሽ ማድረግ ለሁለቱም ይሆናል። በቴምፐርድ ላይ ጥልቅ ፍጨት ግን አይሞከርም። የታመቀውን ሽፋን አልፋችሁ ወደ ተወጠረው መሐል ከደረሳችሁ መስታወቱ እጃችሁ ላይ ይረግፋል።

የጎን መስታወቴ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ። ምንድን ናቸው?

የበሩ ሥራ ነው። መስታወቱ ሲወርድና ሲወጣ የሚያልፍበት ጠርዝ ላይ ሱፍ የመሰለ ሽፋን አለ። አሮጌ መኪና ላይ ያ ሱፍ ያልቃል፣ በውስጡ አቧራና ደቃቅ ጠጠር ይከማቻል። መስታወቱን ባወረዳችሁ ቁጥር እንደ ካርታቬትራ ይፍቀዋል። ይሄ ሁሉ ግንባታና ቁፋሮ ባለበት ከተማ አቧራው በቂ ነው።

ሱፉን ሳትቀይሩ ጭረቱን ብታጠፉ በሳምንቱ ይመለሳል። መጀመሪያ ሱፉን አውጡ፣ ጠርዙን በብሩሽ ጥረጉ፣ አዲስ አልብሱት። የመኪናችሁን ኦሪጅናል ካጣችሁ መጠኑ የተቀራረበ ከሌላ መኪና ይገኛል፣ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ናሙናውን ይዛችሁ ሂዱ። በቃል አታስረዱ፣ ቁራጩን አሳዩ።

የቦሎ ስቲከር በምላጭ ሳነሳ መስታወቱን ጫርኩት። ምን ላድርግ?

በዚህ ምክንያት የተጫረ መስታወት ብዛቱ! በየዓመቱ አንድ ይለጠፋል፣ የድሮው በደረቁ ይፋቃል። የቦሎ ጭረት ከውስጥ በኩል ስለሆነና ጥግ ላይ ስለሚሆን ብዙ አያስጨንቅም። ቀላል ከሆነ ከላይ በነገርኳችሁ መንገድ፣ ዳሽቦርዱን ደህና አድርጋችሁ ሸፍናችሁ፣ በእጅ ጭምር ማሸት ትችላላችሁ።

ለወደፊቱ፦ ሳሙና ያለው ሙቅ ውሃ የነካ ጨርቅ ስቲከሩ ላይ ሩብ ሰዓት ለጥፉበት። ሲረጥብ በጥፍር ወይም በአሮጌ የሞባይል ካርድ ይነሳል። ማጣበቂያው ከቀረ ትንሽ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ቆዩ። ምላጭ የግድ ከሆነ አዲስ ይሁን፣ መስታወቱ እርጥብ ይሁን፣ ተኝቶ ወደ ፊት ብቻ ይግፋ።

ጠጠር የመታው ቦታስ?

እሱ ሌላ በሽታ ነው። ፖሊሽ አያድነውም። በላሚኔትድ መስታወት ላይ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ሙጫ ገብቶበት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይደርቃል፤ ሳይሰነጠቅ በፊት ፈጥናችሁ አሠሩት። እስኪሠራ ድረስ በስኮች ሸፍኑት፣ ቆሻሻ እንዳይገባበት።

ነጭ ነጭ የውሃ ነጠብጣብ አለው፣ ሲታጠብ አይለቅም።

አቼቶ። ጨርቅ ነክራችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩበት፣ በደንብ እጠቡት። ቀለሙን አታስነኩት።

ከመልፋት አዲስ መግጠም አይሻልም?

አንዳንዴ ይሻላል። የእናንተ መስታወት ጠፍጣፋ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የድሮው ላንድሮቨርና እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል በፊት ያለው ቮልስ የፊት መስታወታቸው ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ላሚኔትድ መስታወት ጥሩ ቆራጭ ካገኘ በልኩ ይቆረጣል። ቴምፐርድ ግን ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ ገና ሲነካ ይረግፋል። አደራ፣ ርካሽ ነው ብላችሁ የቤት መስኮት መስታወት አትግጠሙ። ሲሰበር እንደ ጩቤ ነው።

ቮልስ ላይ መግጠሙ ራሱ ማየት ደስ ይላል። ጎሚኒውን ለመስታወቱ ያለብሱታል፣ በጎሚኒው ቦይ ውስጥ ሲባጎ ይዞራል፣ ሁሉም በሳሙና ውሃ ይርሳል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል። ጎሚኒው ከንፈሩን እየገለበጠ ብረቱን ይነክሳል። ሲያልቅ «ጥልቅ» ይላል። ጎሚኒው ከደረቀ ግን አዲስ ግዙ፤ አሮጌው በክረምት እግራችሁ ሥር ኩሬ ያደርግላችኋል።

አሮጌ መኪና ልገዛ ነው። መስታወቱን እንዴት ልየው?

ደርቆ እዩት። ሻጩ ወይም ደላላው «አሁን ነው ከላቫጆ የመጣችው» ካላችሁና መስታወቱ ላይ ውሃ ካለ ጠብቁ። ቅባት የነካ ጨርቅ ከታሸበትም ጭረቱ ለአንድ ቀን ይደበቃል። የሳሙና ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ራሳችሁ አጽዱ። ከዚያ ሾፌሩ ቦታ ተቀምጣችሁ አንድ የመብራት ምሰሶ ላይ ዓይናችሁን ተክላችሁ ራሳችሁን ግራ ቀኝ አወዛውዙ። ምሰሶው ከተጣመመ ከእናንተ በፊት አንድ ግራይንደር ያለው ሰው ደርሶበታል።

ዳግም እንዳይጫር ምን ላድርግ?

በጋውን ሙሉ የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። መስታወቱ አቧራ ይለብሳል። የመጀመሪያዋ ካፊያ ስትመጣ ሁላችንም መጥረጊያውን እናበራለን። ያኔ ነው አቧራው እንደ ካርታቬትራ የሚፈጨው፣ ጎማው ካለቀም ብረቱ ራሱ ግማሽ ክብ ይስላል። መጀመሪያ ውሃ እርጩ፣ ከዚያ አብሩ። የድሮ ቮልስ የመርጫ ውሃዋን የምትገፋው ከትርፍ ጎማዋ አየር ነው፤ የማትረጭ ከሆነ ሌላ ነገር ከመፈታታት በፊት የትርፍ ጎማውን አየር እዩ። ኬላም ሆነ መብራት ላይ ስትቆሙ ልጆች በደረቅ ጨርቅ መስታወቱን ሊጠርጉ ሲመጡ ሳንቲሙን ስጧቸው፣ ጨርቁን ግን በእጃችሁ ምልክት መልሱት። የመጥረጊያውን ጎማ ደግሞ በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሰኔ ሳይገባ ቀይሩት።